ሮም ላይ የመጨረሻዎቹ ቀናት፦ ጓደኛዬ ሱቅ ትላለች፣ እኔ መንገድ

የጉለሌዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

አሁን ሮም ነኝ፣ ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር። እሷ ፍራንክፈርት ነው የምትኖረው። እኔ ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት። ለዓመታት በስልክ ብቻ ነበር የምንተያየው። ቪዛው ሲሳካልኝ ሁለታችንም የማናውቀው ከተማ ይሁን ብለን ሮምን መረጥን። እስካሁን ደስ ብሎን ነበር። ኮሎሲየምን፣ ቫቲካንን፣ ትሬቪን አይተናል። ሳንቲምም ወርውረናል።

አሁን የቀረችን ጊዜ ትንሽ ናት፣ ችግሩም የጀመረው እዚህ ጋ ነው። ለእናቷ፣ ለእህቶቿ፣ ለአክስቷ ልጆች የምትልከው ዕቃ አለ። ጫማ፣ ቦርሳ፣ የወይራ ዘይት፣ ሞካ ማፍያ፣ የማላውቀው ዓይነት ክሬም። ሁሉም የሚሄደው በእኔ ሻንጣ ነው። ትናንት ከሱቅ ሱቅ ስንዞር መሸ። ዛሬም እንደዚያው። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ በእግሬ መዞር ነው ያማረኝ። የእኛ ታሪክ ያለባቸው ቦታዎች አሉ ሲባል ሰምቻለሁ፣ አንዱንም አላየሁም።

ሌላም አለ። ከመጣሁ ጀምሮ ሂሳብ የምትከፍለው እሷ ናት። ብሩ ከረከሰ ወዲህ እኔ ይዤው የመጣሁት ዩሮ ስንት ቀን እንደሚያቆይ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ "ሱቅ ሰለቸኝ" ልላት እልና አፌን ይይዘኛል። ከፋይዋ እሷ ሆና እኔ ምን አፍ አለኝ?

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? የእኔ በረራ ማታ ነው፣ የእሷ በማግስቱ ጠዋት።

ማኪያቶ በቁሜ

ቆይ፣ ሰው ሮም ሄዶ ሱቅ ሰለቸኝ ይላል? እኔ ብሆን ሻንጣ ሳይሆን ኮንቴይነር ነበር የምሞላው።

እሺ፣ ቁም ነገር። ደክሟችሁ ካፌ ስትገቡ አትቀመጡ። ባንኮኒው ላይ ቆመሽ የጠጣሽው ቡናና ወንበር ስበሽ የጠጣሽው ቡና ዋጋቸው አንድ አይደለም። ቱሪስት በሚበዛበት አደባባይ ላይማ ልዩነቱ ያስደነግጣል። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ቆመው ጨልጠው ነው የሚወጡት።

ሻንጣ አሳሪ

እህቴ፣ እኔ በንግድ ዱባይና ኢስታንቡል ስመላለስ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የመጨረሻ ቀን ግዢ የሚባል ነገር መኖር የለበትም። ግዢው ነገ ይለቅ። ግማሽ ቀን መድቡለት፣ ዝርዝሩን በወረቀት ጻፉት። ከዝርዝሩ ውጪ ያማራትን ለራሷ ትግዛው እንጂ አንቺ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። ማታውኑ ሻንጣውን ዝጉትና መዝኑት። የሚሠራው ትኬትሽ ላይ የተጻፈው ኪሎ ነው፣ ሰው የነገረሽ አይደለም። ዘይቱን በፌስታል ደራርበሽ በልብስ ጠቅልዪው፣ የሚጫነው ሻንጣ መሀል ላይ አድርጊው። ኤርፖርት ወለል ላይ ተንበርክኮ ጫማ ከሻንጣ ወደ ሻንጣ ማዛወር ለጠላትም አይመኙት።

ሁለተኛ፣ ታክስ ፍሪ፣ ማለትም ዕቃው ላይ የከፈልሽው ታክስ ሲመለስ። አንቺ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ስለምትኖሪ ይመለስልሻል፣ እሷ ጀርመን ስለምትኖር አይመለስላትም። ጣሊያኖች ለዚህ የሚያበቃውን ዝቅተኛ የግዢ መጠን እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 70 ዩሮ አውርደውታል። ድሮ 154.94 ዩሮ ነበር፤ ያቺ ጎደሎ ቁጥር የ300 ሺህ ሊሬ ምንዛሪ ናት። ስለዚህ ካንድ ሱቅ ከ70 ዩሮ በላይ ከገዛሽ ፓስፖርትሽን አሳይተሽ ፎርሙን ጠይቂ። ግን ገዢዋ በእርግጥ አንቺ ሁኚ፣ በእሷ ካርድ ተከፍሎ በአንቺ ስም የተሞላ ወረቀት ጭቅጭቅ ያመጣል። ኤርፖርት ደግሞ ሻንጣውን ከማስረከብሽ በፊት ወደ ጉምሩክ ሂጂ። ዕቃውን አሳዪን ሊሉሽ ይችላሉ።

ኑረንበርግ ነኝ

እኔ የጓደኛሽን ወገን ልያዝ።

እኔም እዚህ ጀርመን ነው ያለሁት። አገር ቤት ከሄድኩ ቆይቷል፣ ፈቃድና ብር አንድ ላይ ተገናኝተውልኝ አያውቁም። ሰው ሲሄድ ሳገኝ እንደ እብድ ነው የምሆነው። ጫማው የእናቴ ቁጥር መሆኑን ሦስቴ ደውዬ አረጋግጣለሁ። እናቴ ጫማውን ስትለካ በቪዲዮ አያለሁ። አንቺ ሱቅ ሱቅ እየዞረች ነው ትያለሽ፣ እሷ ግን በልቧ እናቷ ቤት ነው ያለችው። እሷ እዚያ ስላልሄደች ሻንጣው ይሂድላት።

ስለ ሂሳቡ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትመጪ ባዶ እጅሽን ነው የመጣሽው?

የጉለሌዋ

ኧረ ባዶ እጄን አልመጣሁም! ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ቡና፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ። እናቷ ቅቤም ልትጭነኝ ነበር፣ የወተት ተዋጽኦ አውሮፓ አይገባም ተብሎ ቀረ። ሻንጣዬ ሲከፈት ክፍሉ በሙሉ መርካቶ በርበሬ ተራ ሆነ። የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ኑረንበርግ ነኝ

ታዲያ ምን አፍ አለኝ ትያለሽ? ያ ሽሮ ፍራንክፈርት ውስጥ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቂያት። እናቷ ያስፈጨችው ደግሞ በዋጋ አይገኝም። ንገሪያት በቃ። "ጠዋቱን አንቺ ሱቅ ሂጂ፣ እኔ ልዙር፣ ከሰዓት አብረን እንሁን" በያት። ሁለት ሰው ለቀናት አንድ ክፍል ውስጥ ከከረመ በኋላ ግማሽ ቀን መለያየት ጸብ አይደለም።

የድሮ ሮማዊ

ልጄ፣ እኔ ሮም የመጣሁት በወጣትነቴ በደርግ ጊዜ ነው፣ እዚሁ ሸበትኩ። የእኛ ታሪክ ያለባቸው ቦታዎች ላልሽው ልምራሽ። አንድ ከሰዓት ይበቃል፣ ከባቡር ቲኬት በቀር ወጪ የለውም።

ከተርሚኒ ጀምሩ። ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ስሙ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው ብትይ፣ በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የጨረሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ ስንት ሺህ ሰው ሻንጣ እየጎተተ ያልፍበታል፣ ስሙን ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው። መታሰቢያቸው ከአደባባዩ ትንሽ ዞር ብሎ፣ ወደ ዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያዎች በኩል ባለች ትንሽ መናፈሻ ውስጥ ነው። ቀጭን የግብፅ ሐውልት ነች፣ የዳግማዊ ራምሴስ። የወታደሮቹ ስም ከሥሯ ተቀርጿል።

ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን የመዘዘው እዚያች ጋ ነው። ፋሺስቶች ለገሃር የነበረውን የይሁዳ አንበሳ ነቅለው አምጥተው ከዚያ ሐውልት ሥር አስቀምጠውት ነበር። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1938 ነው። ዛሬ አንበሳው ተመልሶ ለገሃር ቆሟል፣ እዚህ የቀረው ሐውልቱ ብቻ ነው።

ከዚያ ከተርሚኒ የሜትሮውን ቢ መስመር ይዛችሁ ቺርኮ ማሲሞ ውረዱ። ከምድር ስትወጡ የሚታያችሁ ትልቅ ነጭ ሕንፃ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረው ከዚህ ሕንፃ ፊት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ። በ1947ቱ የሰላም ውል እንመልሳለን ብለው ፈረሙ፣ ከዚያ ግን ዝም። በ2002 መብረቅ መታው። በማግስቱ ዓመት መፍታት ጀመሩ፣ በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ ወደ አክሱም ሄደ። እኔ ይህን ሁሉ ቆሜ አይቻለሁ። ብረት ተደርድሮበት ሳየው ዘመድ ሆስፒታል የተኛብኝ ያህል ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ለሴፕቴምበር 11 ሟቾች መታሰቢያ የተደረጉ ሁለት ዓምዶች አሉ።

አሁን ከዚያ ጀርባችሁን ለሕንፃው ሰጥታችሁ ሳን ግሬጎሪዮ የሚባለውን ቀጥ ያለ መንገድ ያዙ። ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጨረሻው ላይ የቆስጠንጢኖስ ቅስት አለ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የጨረሰው እዚያ ቅስት ሥር ነው። ሞሮኳዊው ራዲ እስከ መጨረሻው አካባቢ ጎን ለጎን ነበር፤ አበበ ሐውልታችን ጋ ሲደርስ ጥሎት ሄደ። በ25 ሰከንድ ቀደመው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። መንገዱ ላይ ግድግዳ ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ አለ፣ ቀስ ብላችሁ ፈልጉት። ሲመሻሽ ሂዱ፣ ውድድሩም ያለቀው ማታ ነው፣ ወታደሮች በአፒያ መንገድ ዳር ችቦ ይዘው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀኑ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ነበር። በእኛ ቁጠሪው። ጳጉሜ 5፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው።

ማኪያቶ በቁሜ

ጋሼ፣ የዋዜማውን ነገር ዛሬ ነው የሰማሁት። ስንት ዓመት ሙሉ "ሮም 1960" ስንል ኖረን ማንም አልነገረንም።

ታሪክ ፈላጊ

ጋሼ፣ ዘርዓይን በአጭሩ አለፉት። አምስት ጣሊያኖችን በሰይፉ አንገታቸውን ቆርጦ ነው የወደቀው። ይህ መነገር አለበት።

የድሮ ሮማዊ

ልጄ፣ እኔም ያደግኩት ይህንኑ እየሰማሁ ነው። የጣሊያንን ሰነዶች ያገላበጡ ሰዎች የሚሉት ግን ሌላ ነው። ያቆሰላቸው ሰዎች ነበሩ፣ በጥይት ተመትቶ ተያዘ። ከዚያ እብድ ነው ብለው ሲሲሊ ውስጥ የአእምሮ ሆስፒታል ከተቱት። እዚያው እ.ኤ.አ. በ1945 ሞተ። ለእኔ ይሄኛው ይከብዳል። በጠላት አገር፣ በአደባባይ፣ ብቻውን የተነሣን ሰው እብድ ብሎ መዝጋት። ቁጥር መጨመር አያስፈልገውም።

ታሪክ ፈላጊ

እሺ ጋሼ። ግን አልተዋጠልኝም፣ አነባለሁ።

ፒያሳ ቪቶሪዮ

እኔም ሮም ነው የምኖረው፣ ከተርሚኒ በእግር ቅርብ። ጋሼ ያሉት መንገድ ጥሩ ነው። እኔ የምጨምረው የዛሬውንም እይው ነው። ከተርሚኒ ትንሽ አለፍ ብሎ የነፃነት አደባባይ የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ፖሊስ እዚያ አጠገብ አንድ ሕንፃ ውስጥ ለዓመታት የኖሩ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን አስወጣ። አደባባዩ ላይ ያደሩትን ደግሞ በጠዋት በውኃ መድፍ በተናቸው። ወረቀት ያላቸው ሰዎች ነበሩ፣ ጥገኝነት ያገኙ። ሐውልት የለውም ይሄኛው።

በተረፈ ተግባራዊ ነገር። ከተርሚኒ ወደ ፊውሚቺኖ የሚሄደው ቀጥታ ባቡር 14 ዩሮ ነው፣ 32 ደቂቃ ይፈጃል። አውቶቡሱ ይረክሳል፣ መንገድ ከተዘጋጋ ግን ይዘገያል። ደግሞ አድማ መኖሩን ቀድመሽ አጣሪ። እዚህ አገር የትራንስፖርት አድማ አርብ አርብ ይወዳል፣ ቀድሞ ይታወጃል። በረራሽ አርብ ከሆነ ዛሬውኑ እይ።

የምትገዙት የምግብ ነገር ከሆነ ከቱሪስት ሱቅ አትግዙ። የኤስኩዊሊኖ ገበያ ግቡ። ጓደኛሽም በርበሬ ካለቀባት እዚያ ታገኛለች።

የጉለሌዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜ ይስጥዎት። እህቶቼም ወንድሞቼም አመሰግናለሁ። በረራዬ አርብ አይደለም፣ ተመስገን።

ማታ እራት ላይ ነገርኳት። ፈርቼ ነበር፣ እሷ ግን ሳቀች። "እኔ እኮ ሱቅ የምትወጂ መስሎኝ ነው፣ አብረሽኝ ስትዞሪ ዝም ብለሽ ነበር" አለችኝ። እሷም እግሯ አልቋል። በነጋታው ጠዋት እሷ ዝርዝሯን ይዛ ሄደች፣ እኔ ብቻዬን ቲቤር ወንዝ ዳር ለዳር ሄድኩ። ምንም አላደረግኩም። የመንገድ ቧንቧ ውኃ ጠጣሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ባየሁ ቁጥር ገባሁ።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ። ቫቲካን ውስጥ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን አለ የሚባለው እውነት ነው? ስንጎበኝ አላየነውም።

የድሮ ሮማዊ

እውነት ነው ልጄ። ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ይባላል። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ ቅጥሩ ውስጥ ስለሆነ ዝም ብሎ የሚገባበት አይደለም፤ ለዚህ ነው ያላያችሁት። በ15ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተሰጠ። በእግራቸው በኢየሩሳሌም በኩል እየመጡ እዚያ ያርፉ ነበር።

በግእዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣውም ሮም ላይ ነው፣ መዝሙረ ዳዊት፣ እ.ኤ.አ. በ1513። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ነው ያሳተመው። የመነኮሳቱን ጸሎት ሰምቶ ቋንቋውን ሊማር ተነሣ። ከዚያ አባ ተስፋ ጽዮን መጡና ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ በ1548 እና 49 አሳተሙ። መቃብራቸውም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እንግዲህ እኛ ሮም ስንመጣ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። እነሱም ሲመለሱ ሻንጣ ሳይከብዳቸው አይቀርም፣ በመጽሐፍ።

ሻንጣ አሳሪ

ጋሼ 😄 ከመጽሐፍ የሚከብድ ነገር የለም። ከጫማ አሥር ጊዜ ይብሳል።

የጉለሌዋ፣ ሻንጣው ተመዘነ?

የጉለሌዋ

ተመዘነ። አልፏል። አንዱን ዘይት ሆቴሉ ውስጥ ላለችው የጽዳት ሠራተኛ ሰጠናት፣ የበርበሬ ካሳ።

አሁን አዲስ አበባ ገብቻለሁ፣ ስለዚህ የመጨረሻውን ቀን ልንገራችሁ። ጠዋት ክፍሉን ለቀን ሻንጣዎቹን ሆቴሉ ጋ አስቀመጥን። ጋሼ እንዳሉት ከተርሚኒ ጀመርን። የዶጋሊው ሐውልት ሥር ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተኝተዋል፣ አንዱ ሳንድዊች ይበላል። ስሞቹን እያነበብን ስንቆም ምን ታያላችሁ እንደማለት አዩን። ጓደኛዬ ዘርዓይ ደረስን በትምህርት ቤት የተማረችው ስም ብቻ ነበር። ቦታውን ስታይ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "ለእናቴ ደውዪልኝ" አለችና በቪዲዮ አሳየቻቸው። እናቷ ስለ ሐውልቱ ምንም አላሉም። "ጫማው ስንት ቁጥር ነው?" ነው ያሉት።

ቺርኮ ማሲሞ ወርደን ወደ ቅስቱ ሄድን። ጽሑፉን አገኘነው፣ መጀመሪያ አልፈነው ሄደን ነበር። እኔ እዚያ መንገድ ላይ ነው ልቤ የሞላው። ኮሎሲየምን ስናይ በሰው መሀል ተገፍተን፣ ፎቶ አንስተን፣ ወጣን። ይሄ መንገድ ግን የእኔ ነው የሚል ነገር መጣብኝ። ጓደኛዬ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ሄደች። አንዲት የጣሊያን አሮጊት አይታ "ቢኪላ!" ብላ አጨበጨበችላት። እውነቴን ነው።

ማታ ተርሚኒ አካባቢ ሐበሻ ቤት እንጀራ ጋበዝኳት። ሂሳብ ላይ ተጓተትን፣ አስተናጋጁ እስኪስቅብን። አሸነፍኩ። ባቡሩ ድረስ ሸኘችኝ። በሩ ሲዘጋ "ቻርጀሬን!" ብላ ጮኸች፣ ሻንጣዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

ሯጩ ሲራጅ ገናም እ.ኤ.አ. በ2010 የሮም ማራቶንን ሲያሸንፍ የመጨረሻውን ሦስት መቶ ሜትር በባዶ እግሩ እንደሮጠ ማታ አነበብኩ። ጓደኛዬ ጥሩ ሰው ነው የተከተለችው።

ፍራንክፈርት ባይ ናይት

እኔ ነኝ ያቺ ጓደኛ። ሊንኩን ላከችልኝ። መጀመሪያ፣ ጫማ ያወለቅኩት ለአበበ ብዬ አይደለም። የገዛሁትን አዲሱን ጫማ አድርጌው ወጥቼ ስለላጠኝ ነው። አሮጊቷ ስታጨበጭብ ግን ምን ልበል፣ እጄን አውለበለብኩ።

ሁለተኛ፣ ከዝርዝሩ ግማሹ የእሷ ነበር። ክሬሙ የእሷ ነው። "የማላውቀው ዓይነት ክሬም" ትላለች ደግሞ!

ሂሳቡን በተመለከተ፣ ይህን ሁሉ እንደምታስብ አላውቅም ነበር። ሽሮውን እየበላሁ ነው የምጽፈው። ኑረንበርግ ያለኸው ወንድሜ፣ ወይ እህቴ፣ እናቴ ቤት ነው ያለችው ያልከው ነገር አስለቀሰኝ። እናቴ ጫማውን አድርጋ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ ፎቶ ደርሶኛል። ትንሽ ጠቧታል፣ ግን ይሰፋል ብላለች።

ኑረንበርግ ነኝ

እህትሽ ነኝ 😄 እናቶች መቼም ጠበበኝ ብለው አይመልሱም።

ፍራንክፈርት ባይ ናይት

አይመልሱም!

በነገራችን ላይ፣ በዚህ ወር ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ የሚሄድና ቦታ ያለው ሰው አለ? አምስት ኪሎ ብቻ ነች።

ሻንጣ አሳሪ

መጀመሪያ ውስጡን ንገሪን።